የላቲኖ ተማሪዎችን ውጤትና ጭንቀት ለያይቶ ማየት ለምን አይሠራም

አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት አራት ልጆች ከአንድ በላይ የሚሆነው ላቲኖ፣ ማለትም ዘሩ ከላቲን አሜሪካ የሚመዘዝ ነው። ይህን የምጽፈው በመምህርነት፣ በረዳት መምህርነት፣ በሶሻል ወርከርነት ወይም በነርስነት ከእነዚህ ልጆች ጋር ለሚውሉ አንባቢዎች ነው። ትልቁ ችግር የልጁ ውጤት ወደ አንድ ቢሮ፣ ጭንቀቱ ወደ ሌላ ቢሮ መሄዱና ሁለቱ ቢሮዎች አለመነጋገራቸው ነው። ጠዋት አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ያለውን አልጀብራ የወደቀ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንውሰድ። "ከትምህርት በኋላ ማጠናከሪያ ይግባ" ይባላል። ልጁ ግን ከትምህርት በኋላ የሚሄደው ወደ ሥራ ነው፤ ቤቱ የሚገባው እኩለ ሌሊት አልፎ ነው፤ አልጀብራውንም የጣለው ጠዋት ዓይኑ አልገለጥ ስለሚለው ነው። ማጠናከሪያው ላይ ሲቀር ደግሞ "ፍላጎት የለውም" ተብሎ ይጻፍበታል። አልጀብራውን ወደ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ማዛወር ግን ከአማካሪው ጋር ቁጭ ብሎ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ ነበር።

"ላቲኖ" የሚለው ስም በጣም የተለያዩ ልጆችን በአንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል። የፖርቶ ሪኮው ልጅ ሲወለድ ጀምሮ አሜሪካዊ ዜጋ ነው፤ የወረቀት (የመኖሪያ ፈቃድ) ጥያቄ አይመለከተውም። ቴክሳስ ውስጥ ከሦስት ትውልድ በላይ የኖረ ቤተሰብ ልጅ ስፓኒሽ ጨርሶ ላይችል ይችላል፤ በዚህም ያፍር ይሆናል። በአሥራ አምስት ዓመቱ ብቻውን ድንበር ተሻግሮ ከጓቲማላ የመጣው ደግሞ ስፓኒሽ ሁለተኛ ቋንቋው ሊሆን ይችላል። ከጓቲማላ ደጋማ አካባቢዎች የሚመጡ ብዙ ልጆች የሚያድጉት ማም፣ ኪቼ ወይም ካንሆባል እየተናገሩ ነው፤ ከሜክሲኮዋ ኦሃካ የሚመጡት ደግሞ ሚክስቴኮ። የምዝገባ ቅጹ ላይ ግን የሁሉም ቋንቋ "ስፓኒሽ" ተብሎ ይሞላል፤ ቤተሰቡም ሊናቅ ስለሚችል ዝም ይላል። ከዚያ ልጁ በስፓኒሽ ይፈተናል፣ ዝቅተኛ ያመጣል፣ "የመማር ችግር አለበት" ወይም "ዝምተኛ ነው" ይባላል። ስለዚህ ጥያቄው "ስፓኒሽ ትችላለህ?" መሆን የለበትም። "ከአያትህ ጋር በምን ታወራለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ማም ከሆነ የስልክ አስተርጓሚ ቀደም ብሎ መያዝ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ከማም ወደ ስፓኒሽ፣ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ በሁለት ሰው ስለሚተረጎም የሃያ ደቂቃው ስብሰባ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ያን ያህል ጊዜ ካልያዛችሁ እናትየው ራሷን እየነቀነቀች ሳይገባት ትፈርማለች።

ከሁሉም አስቀድሞ የሚታየው ምልክት መቅረት ነው። ከትምህርት ቀናት 10 በመቶውን የቀረ ተማሪ ሥር የሰደደ ቀሪ ይባላል፤ በ180 ቀን ውስጥ 18 ቀን፣ በወር ሁለት ቀን ገደማ ማለት ነው። ድምሩን ብቻ አትመልከቱ። ቀሪዎቹን ካላንደር ላይ አስቀምጧቸውና ምን መልክ እንደሚይዙ እዩ። አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ብቻ የሚቀር ልጅ የእንቅልፍ ወይም የሥራ ጉዳይ አለበት። ታናሽ እህቱ በታመመች ቀን የሚቀር ልጅ ቤት ውስጥ ሞግዚት ነው። ሁለት ሦስት ወር እየቆየ አንድ ሙሉ ቀን የሚጠፋ ልጅ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ከሆነ መቅረቱ እንደ በቂ ምክንያት መያዝ አለበት፤ ለዚህም ምክንያቱን በዝርዝር መጻፍ አያስፈልግም፣ "የሕግ ቀጠሮ" በቂ ነው። ፈተና ባለበት ቀን ሆዱን የሚያመው ደግሞ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ባንድ ሳምንት ብዙ ልጅ አብሮ ከቀረ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ትምህርት ቤቶችን፣ ሆስፒታሎችንና ቤተ ክርስቲያናትን ከኢሚግሬሽን አሰሳ ይጠብቅ የነበረውን መመሪያ አነሳ። ያልተነሳው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1982 ውሳኔ ነው፤ ፕላይለር በዶ በሚባለው መዝገብ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ወረቀት የሌለውን ልጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ማገድ እንደማይቻል ወስኗል። ከዚህ ተነስቶ ማንም የትምህርት ቤት ሠራተኛ ስለ ወረቀት መጠየቅ የለበትም። ልጁ ራሱ ቢነግራችሁም በኢሜይልም ሆነ በማስታወሻ አትጻፉት፤ የጻፋችሁት ነገር የትምህርት መዝገብ ሊሆን፣ ተጠይቆም ሊወጣ ይችላል። የኢሚግሬሽን ኦፊሰር በር ላይ ቢመጣ የፊት ቢሮ ሠራተኛዋ ዳኛ የፈረመበትን ማዘዣና መሥሪያ ቤቱ ራሱ የፈረመበትን ወረቀት ለይታ ማወቅ አለባት። የመጀመሪያው ብቻ ነው ለሕዝብ ወዳልተከፈተ የግቢው ክፍል ያለ ፈቃድ የሚያስገባው፤ እሷም ብቻዋን ልትወስን አይገባም፣ ለርእሰ መምህሩና ለትምህርት ዲስትሪክቱ (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ጠበቃ ትደውላለች።

ለልጁ ከሁሉ በላይ እፎይታ የሚሰጠው ነገር ግን የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ካርድ ነው። ብዙዎቹ ካርዶች ላይ ያሉት እናትና አባት ብቻ ናቸው። ሁለቱም ባንድ ቀን ሥራ ቦታ ላይ ቢያዙ ልጁን ማን ይወስደዋል? ካርዱ ላይ ቢያንስ ሌሎች ሁለት አዋቂዎች ይኑሩ፤ ከተቻለ አንዱ ወረቀት ያለው ይሁን፤ ስልኮቹ የሚሠሩ መሆናቸው በየሴሚስተሩ ይረጋገጥ። ካሊፎርኒያን የመሰሉ ግዛቶች ዘመድ ልጁን ትምህርት ቤት እንዲያስመዘግብ የሚያስችል የአሳዳሪ ቃለ መሐላ ቅጽ አላቸው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ "እናቴ ካልመጣች አክስቴ ትመጣለች" ብሎ ማወቁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መማር እንዲችል ያደርገዋል።

አሁን ወደ ሆድ ሕመሙ። በብዙ የላቲኖ ቤተሰቦች ድባቴና ጭንቀት መጀመሪያ የሚታወቁት በሰውነት ነው፤ ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት፣ የደረት መጨናነቅ። እናቶች "ነርቪዮስ" ይሉታል፤ ቃሉን እንዳለ ተቀበሉት፣ የሕክምና ስም ለመለጠፍ አትቸኩሉ። የትምህርት ቤቷ ነርስ የጎብኚዎች መዝገብ ከማንኛውም መጠይቅ ቀድሞ ይናገራል፤ በአንድ ወር ውስጥ አምስት ጊዜ የመጣ ልጅ ካለ ለአማካሪው ይነገር። ወንዶች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቁጣ መልክ ይመጣና ወደ ዲሲፕሊን ቢሮ ይላካል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2021 ባደረገው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጥናት 42 በመቶዎቹ የማያቋርጥ ሐዘን ወይም ተስፋ ማጣት እንደተሰማቸው ተናግረዋል፤ ከሴቶቹ 57 በመቶ። የላቲኖ ተማሪዎች ቁጥር ከአጠቃላዩ ከፍ ያለ ነበር፤ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩ የላቲና ልጃገረዶች ቁጥርም ለብዙ ዓመታት ሲያሳስብ የቆየ ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ12 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ የድባቴ ምርመራ እንዲደረግ ይመክራል። የተለመደው መጠይቅ ፒ ኤች ኪው ናይን ነው፤ ዘጠኝ ጥያቄ፣ ከ0 እስከ 27 ነጥብ፤ የስፓኒሽ ቅጂው በነፃ ይገኛል። 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ልጅ በባለሙያ መታየት አለበት። ብዙ ቦታ የሚበላሸው አሰጣጡ ነው። ወረቀቱ ክፍል ውስጥ ከታደለ ጎረቤቱ እያየ ማንም እውነቱን አይሞላም፤ ቤት ከተላከ እናት ወይም ታላቅ ወንድም ያነበዋል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው፤ ስለዚህ መጠይቁ የሚያነበው ሰው በሌለበት ዓርብ ከሰዓት በፍጹም መሰጠት የለበትም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት፣ በግል ክፍል፣ በዚያው ሰዓት ውጤቱ እየታየ ይሁን።

ዘጠነኛው ላይ ከዜሮ ሌላ መልስ ከመጣ ሥራው የዚያው ቀን ነው። ልጁን በቀጥታ ጠይቁት፤ "ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ማለት ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ብዙውን ጊዜ ያሳርፈዋል። ብቻውን አትተዉት፤ የሠለጠነ ባለሙያ እስኪያየው አብራችሁ ቆዩ። የደኅንነት ዕቅድ ከእሱ ጋር ይጻፍ፤ የተለመደው ዕቅድ ስድስት ክፍል አለው፦ ችግሩ ሲመጣ የሚያስታውቁ ምልክቶች፣ ራሱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው የሚያረጋጉ ነገሮች፣ ሐሳቡን የሚያስረሱ ሰዎችና ቦታዎች፣ እርዳታ የሚጠይቃቸው ሰዎች፣ የባለሙያ ስልኮች፣ ቤት ውስጥ አደገኛ ነገሮችን ማራቅ። የመጨረሻው ከወላጅ ጋር የሚሠራ ነው፤ መድኃኒቶች ይቆለፉ፣ መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ ወይም ጥይቱ ተለይቶ ሁለቱም ይቆለፉ። ለእናትየው ስትደውሉ የሙያ አስተርጓሚ ይኑር፤ ታላቅ እህት ወይም ልጁ ራሱ አይተርጉም። መጀመሪያ የምትፈራውን አስወግዱላት፦ "ፖሊስ አልጠራንም፣ ልጅሽን ማንም አይወስድብሽም፣ የምንደውለው አብረን እንድንረዳው ነው።" ይህ እውነት መሆኑን ሳታረጋግጡ ግን አትናገሩት። ለቀውስ ጊዜ 988 ይደወላል፤ ለስፓኒሽ 2 መጫን ነው፤ ወይም በስልክ መልእክት "አዩዳ" የሚለውን የስፓኒሽ ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ ወደ 988 መላክ ይቻላል። ኢንሹራንስም ሆነ ወረቀት አያስፈልግም። ቁጥሩን ልጁ ስልክ ውስጥ ራሱ እንዲያስገባው አድርጉ፤ በካርድ የተሰጠ ቁጥር ይጠፋል።

ከባድ ነገር አይተው ለመጡ ልጆች፣ በመንገድ ላይ የተደፈሩም፣ የተዘረፉም፣ ዘመድ ሲገደል ያዩም አሉና፣ በትምህርት ቤት ውስጥ የሚሰጥ የታወቀ የቡድን ሕክምና አለ፤ ሲቢትስ ይባላል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከዲስትሪክቱ ጋር ተሠርቶ መጀመሪያ የተፈተነው በስደተኛ ላቲኖ ልጆች ላይ ነው። አሥር የቡድን ክፍለ ጊዜ፣ ከአንድ እስከ ሦስት የግል፣ ሁለት የወላጆችና አንድ የመምህራን ስብሰባ አለው፤ ቡድኑ ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ ይይዛል። ልጆቹ ትንፋሽን ማረጋጋት፣ አስፈሪ ሐሳብን መመርመር፣ የሚሸሹትን ነገር ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ ይማራሉ፤ የደረሰባቸውን በዝርዝር የሚናገሩት በግሉ ክፍለ ጊዜ ነው። የሚያከሽፈው ነገር የታወቀ ነው፤ በየሳምንቱ ከአንድ ትምህርት ላይ የሚወጣ ልጅ ያንን ትምህርት ይወድቃል፣ መምህሩም ይቆጣል። ሰዓቱ እየተቀያየረ ይሁን። የወላጆቹን ስብሰባ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ማድረግ ደግሞ ማንም አይምጣ እንደማለት ነው። ማታ ወይም ቅዳሜ፣ ሕፃናት የሚጠብቅ ሰው ተይዞ ቢሆን ይመጣሉ።

ከወላጅ ጋር ሲወራ መከባበር ከሁሉ ይቀድማል። እናትን "ሴኞራ" ብሎ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቆ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ መግባት የጊዜ ማባከን አይደለም። ትምህርት ቤቱ የሚደውለው ችግር ሲኖር ብቻ ከሆነ ስልኩ አይነሳም፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ጥሪ ልጁ ስላደረገው ጥሩ ነገር ይሁን። ስለ ሕክምና ስታወሩ ምን እንደሚደረግ ግለጹ፦ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አርባ አምስት ደቂቃ፣ የሚናገረው ነገር አደጋ ከሌለ በስተቀር ለትምህርት ቤት አይነገርም። ብዙ ቤተሰብ "የቤት ጉዳይ ለውጭ ሰው አይወራም" ብሎ ያምናል፤ አትከራከሩ፣ አባት ወይም አያት መጀመሪያ ከቴራፒስቱ ጋር እንዲተዋወቁ ጋብዙ። ለዓመታት ተለያይተው በቅርቡ የተገናኙ እናትና ልጅ ካሉ ደግሞ ጠቡ የሥነ ሥርዓት ጉድለት መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ። በአምስት ዓመቱ ለአያቱ ትታው የሄደችውን እናት በአሥራ አምስት ዓመቱ ያገኘ ልጅ የሚያለቅሰው ለአያቱ ነው፤ እናትየውም የላከችውን ገንዘብ ሁሉ እያሰበች በጣም ትጎዳለች። ለሁለቱም የጋራ ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ካሊፎርኒያ ከሜይ 2016 ጀምሮ ከ19 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ወረቀት ሳይለይ ሜዲካል በሚባለው የግዛቱ የጤና መድን ትሸፍናለች፤ ኢሊኖይና ኒው ዮርክም ለልጆች ተመሳሳይ መንገድ አላቸው። ይህ በሌለባቸው ግዛቶች በፌደራል ድጋፍ የሚሠሩ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች በገቢ ልክ ያስከፍላሉ። ስም ብቻ የያዘ ዝርዝር ለቤተሰብ አትስጡ፤ አብራችሁ ደውሉና የቀጠሮው ቀን ተይዞ ስልኩ ይዘጋ።

ብዙ ልጆችን በዝምታ ከትምህርት የሚያስወጣቸው የክሬዲት፣ ማለትም ላለፉት ለእያንዳንዱ ትምህርት የሚቆጠርላቸው ነጥብ፣ ሒሳብ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከሆንዱራስ መጥቶ ዘጠነኛ ክፍል በዜሮ ክሬዲት ይመደባል እንበል። ለመመረቅ ሃያ ከሚበልጥ ክሬዲት ያስፈልገዋል፤ በዓመት ስድስት ሰባት ቢያገኝ እስኪጨርስ ዕድሜው ሃያ አንድ ሊሞላ ይችላል። ልጁ ይህን ሒሳብ ማንም ሳይነግረው ራሱ ይሠራዋል፤ ተስፋው የሚቆረጠውም ያኔ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ከአገሩ ያለውን የትምህርት ማስረጃ ፈልጉ፤ አክስት ወይም አያት የካርዱን ፎቶ አንስታ በዋትስአፕ ልትልከው ትችላለች፣ ዋናው በኋላ ይመጣል። ሜክሲኮ ውስጥ ሴኩንዳሪያ የሚባለው ደረጃ ሦስተኛ ዓመት ከዘጠነኛ ክፍል ጋር እኩል ነው፤ በብዙ ዲስትሪክቶች የሒሳብና የሳይንስ ክሬዲት ሊያስገኝ ይችላል። ስፓኒሽ አጥርቶ የሚያነብ ልጅ የቋንቋ ክሬዲቱን በፈተና ሊወስድ፣ ኤፒ ስፓኒሽ የሚባለውን የኮሌጅ ደረጃ ፈተና ሊፈተን፣ ካሊፎርኒያ በ2011 የጀመረችውን የሁለት ቋንቋ ማኅተም በዲፕሎማው ላይ ሊያገኝ ይችላል። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ ያለውንና የቀረውን ክሬዲት፣ የክረምት ትምህርትን ጨምሮ፣ ከእሱ ጋር ጻፉና ኮፒውን ስጡት። "ዕድሜህ አልፏል፣ ወደ አዋቂዎች ትምህርት ሂድ" የሚል ምክር የግዛቱን የዕድሜ ጣሪያ ሳያዩ መስጠት ስህተት ነው። የአማካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪ አንድ አማካሪ ይበል እንጂ ብዙ ቦታ ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ይህን ወረቀት ቋንቋውን የሚችል ረዳት መምህር ቢጀምረው ሸክሙ ይቀላል።

እዚሁ ተወልደው ከስድስት ዓመት በላይ "እንግሊዝኛ ተማሪ" ተብለው የቀሩትም ሌላ ጉዳይ ናቸው። ጥሩ ይናገራሉ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው የጽሑፍ ክፍል ግን አያሳልፋቸውም። ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ የእንግሊዝኛ ክፍል ይጨምርላቸዋል፤ ያ ክፍል የሚገባው ሙዚቃ ወይም ስፖርት ወይም ሥዕል በነበረበት ቦታ ነው። ይህን እቃወማለሁ። ልጁን ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ያ አንድ ክፍል ሊሆን ይችላልና፤ የጽሑፉ ሥራ በታሪክና በሳይንስ ክፍል ውስጥ ይሰጥ።

ስለ ሥራ ልጁን "ተው" ማለት አይጠቅምም፤ ብዙ ጊዜ ለመንገዱ የተበደረው ዕዳ አለ፣ ወለዱም ይጨምራል። ግን የፌደራል ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በትምህርት ቀን ከ3 ሰዓት፣ በትምህርት ሳምንት ከ18 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ከ18 በታች ያለ ሁሉ ደግሞ የሥጋ ፋብሪካ ማሽን ላይ መሥራት አይችልም። ልጁ ይህን ካወቀ ፈረቃውን ለማስቀየር መነሻ ይኖረዋል።

ጭንቀቱ ትምህርቱን ካወከ ወላጅ ልጁ ልዩ ድጋፍ ያስፈልገው እንደሆነ የሚያይ ግምገማ በስፓኒሽ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላለች፤ ቀን ይጻፍበት፣ ኮፒው እሷ ጋር ይቅር። ለግምገማው ፈቃዷን ከፈረመችበት ቀን ጀምሮ ግዛቱ የራሱ ቀነ ገደብ ከሌለው ትምህርት ቤቱ 60 ቀን አለው። "መጀመሪያ እንግሊዝኛ ይልመድ" ብሎ ማዘግየት አይፈቀድም። ለጭንቀት የሚበቃው ብዙ ጊዜ የ504 ዕቅድ፣ ማለትም ለልጁ የሚደረጉ ማመቻቸቶች የሚጻፉበት ሰነድ፣ ነው፦ ፈተና በትንሽ ክፍል፣ ጮክ ብሎ ለማንበብ ቀድሞ ማስጠንቀቅ፣ ሲጨንቀው ሳይጠየቅ የሚወጣበት ምልክት።

አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ጓደኞች ኮሌጅ ሲያመለክቱ ወረቀት የሌለው ልጅ በድንገት ይጠፋል። ከእሱ ጋር ውይይቱ በአሥረኛ ክፍል መጀመር አለበት። ወላጆቹ ወረቀት ባይኖራቸውም ልጁ ራሱ ዜጋ ከሆነ ፋፍሳን፣ ማለትም የፌደራል የኮሌጅ ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻውን፣ መሙላት ይችላል፤ ወላጅም ያለ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አካውንት መክፈት ይቻላታል፤ መረጃው ወደ ፌደራል መንግሥት እንደሚሄድ ተነግሯቸው ግን ቤተሰቡ ይወስን። ወረቀት የሌለው ልጅ ራሱ ፋፍሳን መሙላት የለበትም። ካሊፎርኒያ ለእነዚህ ልጆች የራሷ ማመልከቻ አላት፤ ቴክሳስ ከ2001 ጀምሮ ትሰጣቸው የነበረው የነዋሪ ክፍያ (ለግዛቱ ነዋሪዎች የሚቀንሰው የኮሌጅ ክፍያ) ግን በጁን 2025 በፍርድ ቤት ቆሟል። ሕጉ ስለሚቀያየር በየዓመቱ በሴፕቴምበር አረጋግጡ።

ሌላው አገልግሎቱ የሚቋረጥበት ወቅት ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቴራፒስቱም፣ ነፃው ምሳም፣ ልጁን በየጠዋቱ የሚያየው አዋቂም አብረው ይዘጋሉ። ስለዚህ ከሜይ አጋማሽ በፊት እያንዳንዱ የሚታከም ልጅ በጤና ጣቢያ የጁንና የጁላይ ቀጠሮ ይኑረው፤ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ እስከ ኦገስት የሚበቃው ተጽፎለት ይሂድ፤ የደኅንነት ዕቅዱ ላይ ያሉት የትምህርት ቤት ስልኮች በሌሎች ይተኩ፤ የክረምት የክሬዲት ትምህርቱ ምዝገባና የአውቶቡሱ ሰዓት ለእናትየው በስፓኒሽ ወይም በማም በስልክ ይነገራት።